ነፋስ ለአውድማ፣ ነፋስ ለመንጠቆ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

   ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን እነሆ ጀመረ። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ነፋስ ነው።

(የነፋስ ድምፅ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይደበዝዛል)

ይህን ድምፅ የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው አለ? በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ጋቢ የሚገፍፍ፣ በአንኮበር ገደል ከቆላው ጉም እየገፋ የሚያወጣ ነፋስ ነው። በብርዱ እናማርረዋለን። ገብሱ ተወቅቶ አውድማ ላይ ሲከመር ግን ያንኑ ነፋስ ደጅ እንጠናዋለን።

እስቲ አውድማውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። አባወራው መንሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ምርቱ ከነገለባው በፊታቸው ነው። አየሩ ጸጥ ካለ ይጠብቃሉ። ሽው ሲል ጥቂት እብቅ ዘግነው ወደ ላይ ይበትናሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ፤ ከዚያ አቋቋማቸውን ያስተካክላሉ። ሲያነሡት ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል፤ ገለባው ራቅ ብሎ ያርፋል፤ እብቁ ከሁሉም ርቆ ይከመራል።

እኒህ አባት ምን አደረጉ? ነፋሱን አልታገሉትም። አቅጣጫውን አዩ፣ ጉልበቱን መዘኑ፣ ከዚያ አሠሩት። እጅግ ከበረታ ደግሞ መንሻቸውን አስቀምጠው ይቀመጣሉ፤ ምርቱ ከገለባው ጋር እንዳይሄድባቸው።

ይህን ምሳሌ ያዙልኝ። ዛሬ ከአውድማው ተነሥተን ወደ ሐይቅ እንሄዳለን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ በትልቅ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ዓሣ አጥማጅ ምን ያድርግ?

(አጭር ሙዚቃ)

«ደጋ ላይ ተቀምጠን ስለ ሐይቅ ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ያገባናል። ልጆቻችን ባሕር ዳር ይማራሉ፣ ይሠራሉ። ወደ ሰሜን የሚጓዝ ነጋዴያችን ደሴን አልፎ «ሐይቅ» የሚባለውን የወሎ ሐይቅ ያያል። ጣና ላይ ጀልባ የሚሳፈረው መንገደኛም፣ ዓሣ ላጥምድ ብሎ የሚነሣው ወጣትም ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ሐይቅ ዳር ያላደገ ሰው ደግሞ የሐይቅን ጠባይ ከሰው ሰምቶ መሄድ አለበት።

ስለዚህ ከማጥመጃ ዘዴ እንጀምር። ዓሣ በመረብ ይያዛል፤ ዳር ቆሞ በመንጠቆም ይያዛል። በሌላው ዓለም ትልልቅ ሐይቆች ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። አጥማጁ ጀልባው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጀልባው በዝግታ ይሄዳል፤ ከኋላው ረጅም ሲባጎ ይጎተታል። በሲባጎው ጫፍ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማታለያ አለ፤ ብዙ ጊዜም ማንኪያ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ብረቱ ውኃው ውስጥ እየተገላበጠ ሲሄድ የቆሰለ ዓሣ ይመስላል። ትልቁ ዓሣ አየሁት ብሎ ሲውጠው መንጠቆው ይይዘዋል።

ይህን ዘዴ ለዛሬ «ጉተታ» እያልን እንጥራው። ጉተታ ማለት በሚሄድ ጀልባ ኋላ መንጠቆ እየጎተቱ ማጥመድ ነው።

በጉተታ ከሚታደኑት ዓሦች ዋነኛው ትራውት ነው። ትራውት የብርድ አገር ዓሣ ነው። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ 10 ዲግሪ፣ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል። ለምን? ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሞቃት ውኃ ግን ጥቂት ነው የሚይዘው። ትራውት ደግሞ ብዙ መተንፈስ የሚሻ ብርቱ ዋናተኛ ነው።

በአገራችን ትራውት አለ? አዎ፣ አለ። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ድንሾ አካባቢ፣ እንደ ዌብ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ይኖራል። የአገሩ ተወላጅ ግን አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል ከኬንያ መጥቶ ወንዞቹ ውስጥ ከተለቀቀ።

ታዲያ ጣና ውስጥስ? ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የላይኛው ውኃው በአብዛኛው ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ለትራውት አይሆንም።

(ለአፍታ ዝምታ)

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ታሪኩ ግን ዞሮ ወደ ጣና ይመልሰናል።

በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩና በቦሊቪያ ድንበር ላይ ቲቲካካ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ከፍታው ከ3,800 ሜትር ይበልጣል፤ ከደብረ ብርሃን በ1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። የአካባቢው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚቀዝፉት ከሐይቁ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል በታሰረ ጀልባ ነው። ይህ ምን አስታወሳችሁ? የጣናን ታንኳ አይደለም? ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራውን?

ሁለቱ ጀልባዎች አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ተመራማሪ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ያስመጣው ከኢትዮጵያ፣ ከጣና ነው። የመጀመሪያው ጀልባ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ መንገድ ላይ ተበላሸ። ለሁለተኛው ከቲቲካካ ጀልባ ሠሪዎችን አመጣ። በ1970 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን በ57 ቀን አቋረጠና ባርቤዶስ ደረሰ። የገፋው ምንድን ነው? ነፋስ።

የቲቲካካ ታሪክ ሁለተኛ ክፍልም አለው። በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ ትራውት ከሰሜን አሜሪካ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ለቀቁ። ውኃው ተስማማው፤ ተባዛ። ገበያውም ደራ። ነገር ግን በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ የነበሩ የአገሬው ዓሦች ተጎዱ፤ አንደኛው ዝርያ ጭራሽ ጠፋ።

ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ደጋው ቀዝቃዛ ነውና «ትራውት አምጥተን በወንዞቻችን እንልቀቅ» የሚል ሐሳብ የሚነሣ ከሆነ ቲቲካካን እንድታስታውሱ ነው። እንግዳ ዓሣ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ በር ከፍቶ እንግዳ እንደማስገባት አይደለም። እንግዳ ሲመሽ ይሄዳል፤ ዓሣ ግን አይመለስም። ሳይጠና አይለቀቅ።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ጣና ያለ ትራውት ምን አለው? ብዙ አለው። ቀረሶ አለ፤ አምባዛ አለ፤ ነጭ ዓሣ አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች በጣና ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የሉም። ከእነዚህ ውስጥ ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው።

ይህ ብርቅ ነገር ነው። የእነዚህ ዓሦች መንጋጋ ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ዘመዶቻቸው ባብዛኛው ትል፣ ቅጠልና ዝቃጭ ለቃሚ ናቸው። በጣና ግን አዳኞች ሆኑ። እንደ ትራውት ሁሉ የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ ያሳድዳሉ። የዛሬው ትምህርታችን ለእነርሱም ይሠራል ማለት ነው።

እነርሱ ግን ወቅት አላቸው። ብዙዎቹ በክረምትና በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛል። ዘር ለመዝራት የተቀመጠን እህል እንደመብላት ነው። ነጭ ዓሣ በጣና ቁጥሩ ክፉኛ የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመራቢያ ወቅት ከወንዝ አፍ እንራቅ።

(የውኃ ዳር ድምፅ፤ የወፎች ድምፅ)

አሁን ነፋሱ ሐይቅ ላይ ምን እንደሚሠራ እንይ። አንድ ጧት ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ የገጠመኝን ላጫውታችሁ።

ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ነው። ውኃው መስታወት ይመስላል። አንድ በዕድሜ የገፉ አጥማጅ ታንኳቸውን ወደ ዳር አስጠግተው ዓሣቸውን ያወርዳሉ። ከታንኳው ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ዓሦቹ በሣር ገመድ በጉሮሯቸው ተሰክተዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።»

«ሐይቁ እንዲህ ጸጥ ብሎ ሳለ ምነው ቶሎ ወጡ? ትንሽ አይጨምሩም?»

ቀና ብለው ሐይቁን አዩት። «እሱ ጸጥ አላለም፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ነፋሱ ገና ስላልነቃ ነው።»

ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው እንዲደርቅ ዛፍ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳይ፣ ያ መስታወት ጠፍቷል። ማዕበል ከሰሜን እየመጣ ዳሩን ይመታል። የደንገሉ ራስ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጎንብሷል። ታንኳው ግን ዛፉን ተደግፎ ቆሟል።

አያችሁ? እኒህ አባት የአውድማው አባት ወንድም ናቸው። አንዱ ነፋሱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አንዱ ነፋሱ ሳይመጣ ይወጣል። ሁለቱም ግን ሰዓቱን ያውቃሉ።

ነፋሱ ለምን ከሰዓት በኋላ ይነሣል? ፀሐይ ስትወጣ የብስ ቶሎ ይሞቃል፤ ውኃ ግን ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። የሞቀው የየብስ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ዳር ይሮጣል። የአንኮበር ሰው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ቀን ላይ የሞቀው የቆላ አየር ገደሉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉሙንም ያመጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

ነፋሱ ለአጥማጁ ሦስት ነገር ያደርጋል። እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩ።

አንደኛ፣ የውኃውን ፊት ያሻክራል። ለስላሳ ውኃ መስኮት ነው፤ ዓሣው የጀልባውን ጥላ ያያል፤ ይሸሻል። ውኃው ሲሸበሸብ ብርሃኑ ይሰባበራል፤ ዓሣው ይደፍራል፤ ወደ ላይ ይቀርባል።

ሁለተኛ፣ ምግብ ይሰበስባል። ነፋስ በራሪ ነፍሳትን ውኃ ላይ ይጥላል፤ በውኃው ፊት የሚንሳፈፈውን ሁሉ እየገፋ ወደሚነፍስበት ዳር ያጠራቅማል። ልክ እንደ እብቁ። ትንንሽ ዓሦች ምግቡን ይከተላሉ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይከተላሉ። ነፋስ በበረታበት ቀን ውኃው ላይ ረጃጅም የአረፋ መስመሮች ነፋሱን ተከትለው ተዘርግተው አይታችሁ ይሆናል። ኢርቪንግ ላንግሚውር የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1927 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን በመርከብ ሲያቋርጥ እንዲህ በረድፍ የተሰለፈ የባሕር አረም አየና መረመረው። ውኃው ከሥር እንደ ተጠቀለለ ሰሌን ጎን ለጎን እየተሽከረከረ ነው፤ ሁለት ጥቅሎች በሚገናኙበት ቦታ አረፋውና ምግቡ ይጠራቀማል። አስተዋይ አጥማጅ መንጠቆውን የሚጎትተው በዚያ መስመር ጠርዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ውኃውን ያገላብጣል። ጣና ሰፊ ነው፤ ግን ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ እስከ ታች ያማስለዋል። የወሎው ሐይቅ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ውኃ ላይ፣ ቀለል ያለ ሞቃት ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተኝቶ ሳለ ነፋስ ቢበረታ፣ ሞቃቱን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ በሌላው ዳር ቀዝቃዛው ከሥር ብቅ ይላል። የብርድ አገር አጥማጆች ትራውትን አንዳንድ ጊዜ ነፋሱ ከሚነሣበት ዳር የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ የሚወደው ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ የወጣው እዚያ ነውና።

እንድገመው? ነፋስ ውኃውን ያሻክራል፤ ምግብ ይሰበስባል፤ ውኃውን ያገላብጣል።

(ለአፍታ ዝምታ)

እንግዲህ ጀልባ ላይ እንውጣ። የጉተታ ዋናው ምሥጢር ፍጥነት ነው። ለትራውት፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ የሚሄደው ያህል ይበቃል። ጀልባው ከፈጠነ ማታለያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዘገየ ወደ ታች ይሰምጣል።

ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ብትሄዱ ምን ይሆናል? ይገፋችኋል፤ ትፈጥናላችሁ። ያን ጊዜ አጥማጆች ከጀልባው ጋር የታሰረ የሸራ ከረጢት ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። ከረጢቱ ውኃ ሞልቶ ይጎትታል፤ ጀልባው ይዘገያል። ቁልቁለት ላይ እንደሚያዝ ፍሬን ነው።

ነፋሱን ፊት ለፊት ብትሄዱስ? ትዘገያላችሁ፤ ግን ጀልባው ይታዘዛል። ነፋሱ ከጎን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ማዕበል ጀልባን የሚገለብጠው በጎኑ ሲያገኘው ነው። ማዕበሉን በጀልባው አፍንጫ በኩል ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ተቀበሉት።

ሌላም ብልሃት አለ። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ፤ እባብ እንደሚሄድ ተጠማዘዙ። ሁለት ሲባጎ የምትጎትቱ ከሆነ፣ ስትታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ማታለያ ይፈጥናል፤ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገይና ዝቅ ይላል። ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው በዚያ ለውጥ ላይ ነው። ከድመት ፊት ገመድ ጎትታችሁ አታውቁም? ገመዱ ድንገት ሲፈጥን ወይም ሲቆም አይደል የምትዘለው?

(የማዕበል ድምፅ፤ እየበረታ ይመጣል፤ ይቆማል)

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር። እባካችሁ ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ማዕበልን የሚያሳድጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የነፋሱ ብርታት፣ የነፈሰበት ጊዜ፣ ውኃው ላይ የሮጠበት ርቀት። ጣና ከዳር እስከ ዳር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሰሜን የተነሣ ነፋስ ባሕር ዳር እስኪደርስ ብዙ ሜዳ ሮጧል። ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ለትንሽ ጀልባ ከዚህ የከፋ የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛው አደራ፦ ወደ ነፋሱ ሂዱ፣ ከነፋሱ ጋር ተመለሱ። ጧት ጉልበታችሁ ሙሉ ሳለ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ወጥታችሁ ጀምሩ። ስትደክሙ ወደ ቤት የሚገፋችሁ እሱ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በነፋስ ተገፍቶ ሄዶ ማታ ፊት ለፊት ሊመለስ የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ሁለተኛው አደራ፦ ማዕበሉ ጫፉ ላይ ነጭ ሲያወጣ ወደ ዳር ዙሩ። መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ነጩ አንድ ሁለት ቦታ ሲታይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐይቁ ሁሉ ነጭ እስኪለብስ አትጠብቁ። ዓሣው መንከስ የጀመረው ገና ያኔ ሊሆን ይችላል። ይሁን። ዓሣው ነገም እዚያው ነው።

ሦስተኛው አደራ፦ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ። ከጎን ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጀልባ ሲገለበጥ ፈልጎ መልበሻ ጊዜ የለም። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለሰው ንገሩ። ጀልባ ላይ አትቁሙ፤ ዕቃ ዝቅ አድርጉ። ከተገለበጠባችሁ ደግሞ ጀልባውን አትልቀቁ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፤ በማዕበል መሃል ግን ሩቅ ነው። የተገለበጠ ጀልባ ሰውን ያንሳፍፋል፤ ለፈላጊም ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ እንሰብስበው። ዓሣ ምግቡን ይከተላል፤ ምግቡን የሚነዳው ነፋስ ነው። በጉተታ ጊዜ ፍጥነትን ጠብቁ፤ ተጠማዘዙ። ወደ ነፋሱ ሂዱ፤ ከነፋሱ ጋር ተመለሱ። ነጭ ማዕበል ሲታይ ዙሩ። ጃኬቱን ልበሱ።

ለሳምንት ይህን ጥያቄ በቤታችሁ ተወያዩበት፦ በእናንተ ቀበሌ ነፋሱ በቀን በስንት ሰዓት ይነሣል? ከየት ወዴት ይነፍሳል? ልጆች፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከዚያ ራሳችሁ ውጡና ሰባት ቀን መዝግቡ። በጢስ እዩት፣ በሣር ራስ እዩት፣ በአውድማ እብቅ እዩት። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን፤ እናነበዋለን።

ይህን በደጃችሁ የለመደ ልጅ፣ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ሲቆም፣ ጸጥ ያለውን ውኃ አይቶ አይታለልም። «ነፋሱ ገና አልነቃም» ይላል፤ ሥራውን በጊዜ ሠርቶ ታንኳውን ዛፍ ላይ ያስደግፋል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)